ለቀትር ያልተመደበ ሰርቪስ

ፋብሪካው ማንንም አላባረረም። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ገብረወልድ ይህን ሲናገሩ ደረታቸውን ነፍተው ነበር። የልብስ ትዕዛዝ ስለቀነሰ ሰፊዎቹ ለሁለት ተከፍለው ግማሽ ቀን ይሠራሉ፤ ከጎደለው ደሞዝ ከፊሉን የድጎማ ፕሮጀክት ይሸፍናል። አንድ ማሽን ለሁለት ሰው። ሦስት ጊዜ ያረፈደች ግን ከድጎማውም ከሥራውም ትወጣለች።

ከሰፊዎቹ አንዷ ለሆነችው ለጥሩወርቅ የከሰዓቱ ፈረቃ ደረሳት፤ መግቢያው ሰባት ሰዓት። ዕቅዱን ያወጣው ሰው ድሬዳዋን በካርታ ላይ ብቻ ሳያውቃት አይቀርም። በሰባት ሰዓት ድሬ ማን ይንቀሳቀሳል? ሱቁ ዝግ ነው፤ ሰዉ ወይ ተኝቷል ወይ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። የፋብሪካው ሰርቪስ ደግሞ እንደ ድሮው ጠዋት ወስዶ ማታ ይመልሳል። ለቀትር ነዳጅ አልተመደበለትም።

ሁለቴ አረፈደች። በሁለተኛው ቀን ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ባጃጁ ውስጥ የተጋደመውን ኸባብን ለምና ነበር።

«ኸባብ፣ እባክህ ውሰደኝ።»

«አቦ ጥሩዬ፣ ፀሐዩን አታዪም? ጎማዬ ይቀልጣል!»

«ሥራዬን ላጣ ነው እኮ።»

«በዚህ ሰዓት የሚያሠራሽ ሰው ራሱ አሞታል።» እግሩን ሰብስቦ ዐይኑን ጨፈነ።

በእግሯ ሄዳ ስትደርስ ተቆጣጣሪው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን አሳያት። አንድ ቀን ብትደግም አለቀላት።

ስለዚህ በማግስቱ ከጠዋቶቹ ጋር በሰርቪሱ መጥታ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ከሳምንት በኋላ የከሰዓት ሰፊዎች በሙሉ እሷ ጋ ነበሩ። ሰባት ሰዓት ሲሆን እነሱ ይገባሉ፣ የጠዋቶቹ ወጥተው በቦታቸው ይቀመጣሉ፤ የሚመልሳቸው ያው የማታው ሰርቪስ ነው።

«ወላሂ፣ ሙሉ ቀን የሚፈጅ የግማሽ ቀን ሥራ እኛ ጋ ብቻ ነው» አለች የማሽን ተጋሪዋ ሙኒያ። ጥሩወርቅ መሳቅ አቃታት።

አንድ ጠዋት ጋሽ ገብረወልድ ከቢሮ ወጥተው ዛፉ ሥር አዩዋቸው።

«ዝም ብላችሁ ከምትቀመጡ ገባ በሉና ከተሰፋው ልብስ ላይ ትርፍ ክር ልቀሙ።»

ሴቶቹ እየተያዩ መነሣት ጀመሩ። ጥሩወርቅ ፊቷ ጋለ።

«ጋሼ... የኛ ሰዓት ሰባት ነው።»

«ታዲያ ከአሁኑ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የቀትሩን ሰርቪስ እየጠበቅኩ።»

አንዷ ሳቋ አመለጣት። የተነሡት መልሰው ቁጭ አሉ። ጋሽ ገብረወልድ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ዘበኛው በሩ ላይ አገዳቸው። «ከሥራ ሰዓት ውጪ ግቢ መቀመጥ ተከልክሏል። እኔን እንዳትቆጡኝ፣ እህቶቼ።»

ማንም አልተቆጣውም። ሰርቪሱ ከግቢው ውጪ አጥሩ ጥግ ቆሟል፤ ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል። ሴቶቹ በጠበበችው የአውቶቡሱ ጥላ ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ፤ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር እግራቸውን እየሰበሰቡ።

ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት አንዳቸውም አላረፈዱም።