ሊቀመንበሩ እጃቸውን ያነሱ ዕለት

የከተማው ምክር ቤት ሊቀመንበር አንዲ ባታራ ሲንጋፖር ደርሰው ከተመለሱ ወዲህ ሹፌር ስለሌላት ባቡር እንጂ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ባቡሯ በምሰሶ ላይ፣ ከሰው ራስ በላይ፣ ያለ ነጂ ተንሸራትታ ከወደቡ ገበያው ትደርሳለች። የትራንስፖርት ቢሮ መሐንዲሷ ቴንሪ ደግሞ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መንገድ ይበቃናል ባይ ነበረች። ርካሽነቱ ብቻ አልነበረም ምክንያቷ። አባቷ ሲራጁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፔቴ-ፔቴ የምንላትን የሰፈር ሚኒባስ የነዱ ሰው ናቸው። አውቶቡሱ ከተመረጠ እሳቸውና ጓደኞቻቸው አዲስ መሪ ይጨብጣሉ፤ ባቡሯ ከተመረጠች ግን ቤት ቁጭ ብለው ዝንብ እሽ ሲሉ መዋል ነው።

አንዲ ባታራ ይህ አልጠፋቸውም። በስብሰባ መሐል ፊት ለፊት ነገሯት።

«ልጄ፣ አባትሽን እወዳቸዋለሁ። ግን የፔቴ-ፔቴ ሹፌር እጅ ካየ ይቆማል። አክስቱ እጇን ስታነሳ ይቆማል፣ የአክስቱ ጎረቤት ስታነሳ ይቆማል። ያንቺም አውቶቡስ በሳምንቱ ፔቴ-ፔቴ ይሆናል። ማሽን ግን ዘመድ የለውም!»

ሁሉም ሳቀ። ቴንሪም አብራ ሳቀች፤ ውስጧ ግን እርር አለ፣ ሰውዬው እውነታቸውን ነበርና። ቤት እንደገባች አባቷን አስቀምጣ አስማለቻቸው፤ ቅዳሜ አውቶቡሱን ምክር ቤቱ ፊት ለሙከራ ሲነዱ ከጣቢያ ውጭ እንዳይቆሙ።

«ለማንም፣ አባባ።»

«ለእናትሽስ?»

«ለእማማም።»

«እንግዲያው አንቺው ራስሽ ንገሪያት» አሉ ሲራጁ።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ የምክር ቤቱን አባላት ጭኖ ከወደቡ ተነሳ። ሞተር ሳይክሉና ሚኒባሱ ጎን ለጎን ተፋፍጎ ጡሩምባ ሲነፋ፣ እነሱ ቀይ ቀለም በተቀባው መስመራቸው ላይ ቀጥ ብለው አለፉ። ቴንሪ ከደስታዋ ብዛት ልትዘፍን ምንም አልቀራት። ከዚያ ኩርባውን ዞሩና ሲራጁ ፍሬኑን ረገጡ።

ቀዩ መስመር ላይ የሰርግ ድንኳን ተተክሏል። ከነቀርከሃ በሩ፣ ከነሙሽሮቹ ዙፋን፣ ከነድምፅ ማጉያው። ደጃፉ ላይ የቴንሪ አክስት ሐሊጃ አጊጠው ቆመዋል።

ቴንሪ ዘላ ወረደች። «አክስቴ! ምን ጉድ ነው? ይሄ እኮ የአውቶቡስ መንገድ ነው!»

«የአውቶቡስ?» ሐሊጃ ክው አሉ። «እኔማ ለልጄ ሰርግ ያስቀባሽው ምንጣፍ መስሎኝ! ‹የወንድሜ ልጅ መንግሥትን አስፈቅዳ መንገዱን አሳመረችልን› ብዬ ለአገር ምድሩ አውርቻለሁ። አሁን ምን ልበላቸው?»

አንዲ ባታራ ፊታቸው በደስታ በርቶ ከአውቶቡሱ ወረዱ። «ይኸውላችሁ! ባቡሯ ብትሆን እኮ በላይ በላይ ታልፍ ነበር!»

«በማን በላይ?» አሉ ሐሊጃ ወገባቸውን ይዘው። «በሙሽራዋ ራስ ላይ? ፑዋንግ ጌታዬ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍዎ አይውጣ።»

ሊቀመንበሩ እስከ ጆሯቸው ቀሉ። በእኛ አገር የሰው ራስ ክቡር ነው፤ ባቡርም ቢሆን ዝም ብሎ አያልፍበትም።

ሰፈርተኛው ተሰብስቦ የእንጨት ቤት እንዳለ በትከሻው ተሸክሞ በሚያዛውርበት አገር ደግሞ ድንኳን ከቁም ነገር አይቆጠርም። ወንዶቹ ሽርጣቸውን አጠበቁና በየምሰሶው ሥር ገቡ። ሌላው ሲሸከም እጁን አጣጥፎ ማየት ነውር ስለሆነ አንዲ ባታራም ትከሻቸውን ሰጡ። «ሆ!» ተባለ፣ ድንኳኑም ተነሳ። ሙሽራዋ ዙፋኗ ላይ እንደተቀመጠች እየሳቀች ጎረቤት ግቢ ገባች። አባላቱ ተንጋግተው ተሳፈሩና አውቶቡሱ ገበያው ደረሰ። ጭብጨባው ቀለጠ። ሊቀመንበሩ እንደሌሉ የታወቀው ያኔ ነው።

የት ይሄዳሉ? ሐሊጃ ድንኳናቸውን የተሸከመ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም ብለው እጅጌያቸውን ይዘው አስቀርተዋቸዋል።

አውቶቡሱ ዞረ። ሰርጉ ቤት ጋ ሲቃረብ አንዲ ባታራ መንገዱን ተሻግረው በዚህኛው ዳር ቆመዋል። በአንድ እጃቸው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ባሮንግኮ የሚባል የሙዝ ጣፋጭ ይዘዋል፤ ሌላኛውን ወደ ላይ አንስተዋል። ከኋላቸው ሰርገኛው ሊሸኛቸው ወጥቶ ይንጫጫል።

«አባባ፣ ይቁሙ! ሊቀመንበሩ ናቸው!»

ሲራጁ ጡሩምባ ነፉ፣ አንገታቸውን በትህትና ዝቅ አደረጉ፣ አለፉ።

«አባባ!»

«አስምለሽኛል።»

አለቀልን አለች ቴንሪ በሆዷ። አውቶቡሱ ጣቢያው ደርሶ በሩን ከፍቶ ጠበቀ። አንዲ ባታራ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ቆባቸው ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ፣ እየሮጡ መጡ።

«ሲራጁ፣ እጄን አላዩም?»

«አየሁ፣ ፑዋንግ።»

«ማን እንደሆንኩስ አውቀዋል?»

«ከልጅነትዎ ጀምሮ ነው የማውቅዎ።»

«ታዲያ?»

«ጣቢያው እዚህ ነው።»

ሊቀመንበሩ ላባቸውን ጠርገው አፈጠጡባቸው። ከዚያ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ማሽን እንኳን እንዲህ አይጨክንም!» አሉ ባሮንግኮውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለሲራጁ እየሰጡ። «በቃ፣ ድምፄ ለአውቶቡሱ ነው። ለእኔ ያልቆመ ለማን ይቆማል?»

አውቶቡሱ በጭብጨባ ተናወጠ። ቴንሪ አባቷን ልታቅፍ ጎንበስ ስትል ባሮንግኮውን ሳይቀምሱ በመስታወቱ ወደ ኋላ ደጋግመው ሲያዩ አየቻቸው።

«ሊቀመንበሩን እንዲህ ፈርተዋቸው ነበር እንዴ፣ አባባ?»

«እሳቸውን ማን ፈራ!» አሉ ሲራጁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከኋላቸው እናትሽ እጇን አንስታ ነበር። እሷንም አልፌያታለሁ። ዛሬ ቤት አንቺ ቅደሚ።»