የቸኮለው ጥንስስ

መጋረጃ ሰፊዋን ደግ ቀን ያስፈራታል። ክፉ ቀን ሲመጣ እጅጌዋን ሰብስባ ትገጥመዋለች፤ ነገር ሲሰምር፣ ቤቱ በሳቅ ሲሞላ ግን በሩን በሩን ማየት ትጀምራለች። "ደግሞ ምን ሊመጣ ነው?" ትላለች ለራሷ።

ኑሮዋን ላየ ሰው የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ቀን ቀን መጋረጃ ቤት ትሰፋለች። ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ልብ ወለድ ትጽፋለች፤ የሚያዛትም የሚከለክላትም የለም። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሰፈሩ ሰው "መፍቻ" እያለ ነው የሚጠራው፤ የወጣለትን ስም እናቱም ረስተውታል ይባላል። ሱሱ ቢራ መጥመቅ ነው። ከቤታቸው ሥር ባለችው ምድር ቤት በርሜሎቹን ደርድሮ፣ ብቅሉን አፍልቶ፣ እርሾውን ጨምሮ፣ እንደ አራስ ልጅ ሽፍንፍን አድርጎ ያስተኛዋል። ከሥራ ሲመለስ ጆሮውን በርሜሉ ላይ ለጥፎ "ነይ ስሚው፣ እያወራ ነው" ይላታል። የሚፈላ ጥንስስ ድምፅ እውነትም ወሬ ይመስላል።

ሦስተኛዋ የቤቱ ሰው የመፍቻ እናት ናቸው። ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው።

እራት ላይ አንድ ደንብ አላቸው። ያወጣችው ሰፊዋ ናት። ሁሉም በዕለቱ ስለገጠመው ነገር "ተመስገን" ይላል፤ ነገሩ ግን ትንሽ መሆን አለበት፤ ጤናና ሰላም አይቆጠሩም። መፍቻ ዝገት የበላው ብሎን እሺ ብሎ ስለተፈታለት ያመሰግናል። እሷ ጠዋት የጠፋባት ቃል አውቶቡስ ውስጥ ድንገት ስለመጣላት ታመሰግናለች። እናትየው ደግሞ "ያቺ ለፍላፊ ጎረቤታችን ዛሬ ድርሽ ስላላለች፣ ተመስገን!" ይላሉ። እንዲህ ሲሳሳቁ አምሽተው ይተኛሉ። ከዚያ በኋላ ሰፊዋ ብቻዋን ጣሪያው ላይ አፍጥጣ ትቀራለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለውን ታውቃለች።

አንድ ቀን መጋረጃ ስትዘመዝም ከሬዲዮ ጣቢያ ተደወለላት። የላከችው ታሪክ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊነበብ ነው። ቤት ደርሳ ስትነግራቸው መፍቻ ከነሥራ ልብሱ አቅፎ አዞራት።

"ለዚህማ ሰፈሩ በሙሉ ካልጠጣልሽ ምኑን ጻፍሽው!"

"ቢራው ደርሷል እንዴ?"

"ይደርሳል። አንቺ ብዕርሽን ያዢ፣ በርሜሉን ለእኔ ተዪው።"

አልደረሰም ነበር። ጥንስሱ ገና እያወራ፣ አረፋው ሳይተኛ፣ መፍቻ ጠርሙስ ጠርሙስ አድርጎ ቀዳው። ሲከፈት አረፋው ሞቅ ብሎ እንዲነሳለት ስኳርም ጨመረበት፤ ያውም በግምት። እናቱ ደረጃው ላይ ቆመው ቆርኪ ሲመታ ሲያዩ ቆዩና፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉት።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ" አለና ሳቀ።

ወዲያው ሙቀቱ መጣ። አስፋልቱ እስኪለሰልስ፣ ውሾች ጥላ ፍለጋ መኪና ሥር እስኪገቡ ድረስ ነደደ። ሌላ ጊዜ ቀዝቃዛ የነበረችው ምድር ቤትም እንደ ዳቦ ምድጃ ታፈነች።

ቅዳሜ ምሳ ከበሉ በኋላ እናትየው ጋደም አሉ። ሰፊዋ ወጥ ቤት ተቀምጣ ነገ የሚነበበውን ታሪኳን ታነባለች። ዓረፍተ ነገሮቹ ትናንት ያማሩ መስለዋት ነበር፤ ዛሬ እያንዳንዳቸው ያሳፍሯታል። መፍቻ በጓዳው በኩል ሲያልፍ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

"ጠርሙሶቹን ከዚህ ሙቀት ላሽሻቸው። እስክመለስ ድረስ ምንም እንዳትሰርዢ፤ አውቅሻለሁ።"

እያፏጨ ወረደ።

መጀመሪያ ፉጨቱ ይቁም፣ መጀመሪያ ድምፁ ይምጣ፣ በኋላ ልታስታውሰው አልቻለችም። ጥይት የተተኮሰ ነበር የሚመስለው። ክው ብላ ወደ ጋዝ ምድጃው ዞረች፤ ጠፍቷል። ሁለተኛው ጮኸ፤ ተከትሎም ብርጭቆ ሲረግፍ ተሰማ። ከዚያ ከእግሯ ሥር፣ ከወለሉ በታች፣ የባሏን ድምፅ ሰማች። ጩኸት አልነበረም። "ወይኔ" አለ ቀስ ብሎ፣ ዕቃ እንዳመለጠው ሰው። ከጩኸት ይልቅ ያ ቀስ ማለቱ ደሟን አረጋው።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። በሩን ገፋ ስታደርገው የእርሾ ሽታ ፊቷን መታት። ወለሉ አረፋ ለብሷል። መፍቻ ከጠርሙሱ መደርደሪያ ማዶ፣ ጥጉ ላይ ካለው የብረት ጠረጴዛ ሥር ተኮራምቷል። ጭኑን በሁለት እጁ አፍኖታል፤ ደሙ ግን በጣቶቹ መሃል እየወጣ አረፋውን ቀይ አድርጎታል።

"አትግቢ!" አለ። "ዓለሜ፣ እንዳትገቢ! ስኳሩ ነው፣ በዝቶ..."

ሳይጨርስ መደርደሪያው ላይ አንዱ ፈነዳ። ስብርባሪው ከጉንጯ አጠገብ በሩ ሳንቃ ላይ ተሰካ።

በሩን መልሳ ዘጋችው። አስባበት አይደለም፤ እጇ ነው የዘጋው። እሱ ውስጥ፣ እሷ ውጭ ሆኑ። በሩን ተደግፋ ቆመች። ልክፈተው ትላለች፣ እጇ አልታዘዝ ይላታል። ውስጥ ሌላ ፈነዳ።

"ምንድን ነው የሚንጓጓው?" አሉ አማቷ ከደረጃው ራስ ላይ፣ ሻሻቸውን እያሰሩ።

"መፍቻ ቆስሏል! ጠርሙሶቹ እየፈነዱ ነው!"

"ማን ነው የመጣው?"

"ጠርሙሶቹ፣ እማማ! ደም እየፈሰሰው ነው!"

አሮጊቷ ቃሉን ባይሰሙም ፊቷን አነበቡ። ሦስተኛ አልጠየቁም። "ፍራሽ" አሉ። "የእኔን ፍራሽ። የጥጡን! ስፖንጁ ምንም አይመልስም።"

ሰፊዋ ሽቅብ ሮጠች። አምቡላንስ ደወለች፤ የገዛ ቤቷ ቁጥር ጠፍቶባት "ጥጉ ላይ ነው፣ አረንጓዴ በር፣ እባካችሁ" እያለች ደጋገመች። ከዚያ አማትና ምራት ያን እንደ ድንጋይ የከበደ ፍራሽ እየጎተቱ በደረጃው አወረዱት። አማቷ ከፊት ልቅደም አሉ።

"እርስዎ እዚህ ይቆዩ!"

"ልጄ ነው!"

"በሩን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛል፣ እማማ! ከተዘጋብንስ?"

ያን ጊዜ በሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ሰፊዋ ፍራሹን አቁማ፣ ከኋላው ተሸሽጋ ገባች። ፊት ለፊቷ የፍራሹ መስመር መስመር ጨርቅ እንጂ ሌላ አይታያትም። እግሯን ሳታነሳ ጎተት ጎተት እያደረገች ሄደች፤ ነጠላ ጫማዋ ሥር ብርጭቆው ይንኮሻኮሻል። ጠርሙሶቹ ሊፈነዱ ሲሉ ምልክት አይሰጡም፤ የሚያስጨንቃት ይህ ነበር። ዝም፣ ዝም፣ ከዚያ ዷ! አንዱ ስባሪ ፍራሹን እንደ ጡጫ መታው። ጮኸች፤ ድምፁ የእሷ አልመስል አላት። ልትመለስ ፈለገች። በሕይወቷ ያን ያህል የፈለገችው ነገር አልነበረም። ግን ፍራሹን ለማዞር ቦታው ጠባብ ነበር፤ ወደ ፊት መሄዱ ይቀል ነበርና ሄደች።

መፍቻ ከንፈሩ ነጥቷል። "አትግቢ አላልኩሽም?" አለ።

"ዝም በል።"

ቀበቶውን ፈትታ ከቁስሉ በላይ ጭኑን አሰረችው። ዕድሜዋን ሙሉ ክር ያሰረ እጅ ቋጠሮ ጠፋው፤ ሲያዳልጣት፣ ደግማ ስትጀምር፣ በመጨረሻ በጉልበቷ ረግጣ አጠበቀችው። መፍቻ ጥርሱን ነክሶ አቃሰተ። ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ ፍራሹን በመደርደሪያው በኩል አድርገው፣ ግማሹን እሱ ግማሹን እሷ ይዘው፣ ግድግዳውን ታከው ወጡ። በመንገድ ላይ ሁለት ተከታትለው ፈነዱ። አንዱ ጆሮዋን ጭሯት ነበር፤ ያወቀችው ነርሷ ስትጠርግላት ነው።

"ኑ! ኑ! ኑ!" ይላሉ እናትየው በሩን እንደያዙ። ልጃቸው ደፉን ሲያልፍ በሩን ጠርቅመው በጀርባቸው ተደገፉት፣ ጠርሙሶቹ ተከትለው የሚወጡ ይመስል።

ሆስፒታል ውስጥ ብዙ አስጠበቋቸው። በመጨረሻ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ወጣና፣ "ተሰፍቷል፤ ይድናል" አለ። "ስባሪው ትንሽ ወደ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ግን..." አለና የቀረውን ተወው።

"ተመስገን! ተመስገን!" አሉ እናትየው፣ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክከው።

ሰፊዋም ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ስለ ብሎን፣ ስለ አውቶቡስ ስታመሰግን የኖረች ሴት አሁን ፈራች። ድምፅ አውጥታ ካመሰገነች የሆነ ነገር ሰምቶ የሚመለስ መሰላት። የአማቷን ትከሻ ያዘች።

እሑድ ታሪኳ በሬዲዮ ተነበበ። እሷ የመፍቻን አልጋ ጫፍ ይዛ የግሉኮሱን ጠብታ ታይ ነበር። ትዝ ያላት ሰኞ ጠዋት አንዲት የመጋረጃ ቤት ባልደረባዋ "ሰማሁሽ እኮ!" ብላ ስትደውልላት ነው። "ምኑን?" አለቻት።

የቀሩት ጠርሙሶች እዚያው ነበሩ። እናትየው ጆሯቸው ባይሰማም ወለሉ ሲነዝር በእግራቸው እየተሰማቸው ከቤት ወጥተው ደጅ ወንበር ላይ ይውላሉ። መፍቻ ማክሰኞ ይወጣል ተባለ። ሰፊዋ ባሏን የሚፈነዳ ነገር ላይ አምጥታ ልታስተኛው አልፈለገችም። ጎረቤታቸው በያጁ ዘንድ ሄደች።

"ጋሼ፣ የብየዳ መከላከያዎን ያውሱኝ።"

በያጁ፣ ጢማቸው እዚህም እዚያም በእሳት ፍንጣሪ የተቃጠለ ሰው፣ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። "ማን ሊገባ?"

"እኔ።"

"እየተንቀጠቀጥሽ?"

"ምን ላድርግ፣ አልቆም ብሎኛል። እየተንቀጠቀጥኩ እገባለሁ።"

ሁለት የፊት መከላከያ፣ የቆዳ ሽርጥና ወፍራም ጓንት ይዘው አብረዋት መጡ። ሌሊቱ ቀዝቅዞ ስለነበር በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ገቡ። ከፊት መከላከያው ጥቁሩን መስታወት አውጥተው ነጩን ብቻ ተዉላት። እሳቸው የረጠበ ብርድ ልብስ በጠርሙሱ ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ እሷ እጇን ከሥር አስገብታ ቆርኪውን ትከፍታለች። ጠርሙሱ እንደ ድመት ፍስስ ይልና አረፋውን ይተፋል። የመጀመሪያው ሲከፈት እንባዋ መጣ፤ መከላከያው ውስጥ የሚጠርገው እጅ የለም። "ቀጥዪ፣ እህቴ" አሉ በያጁ። ቀጠለች። እለምደዋለሁ ብላ ነበር፤ አልለመደችውም፤ አሥረኛውም እንደ መጀመሪያው አስፈራት። አንዱ እጃቸው ሳይደርስበት በብርድ ልብሱ ሥር ፈነዳ፤ ሁለቱም ወደ ኋላ ዘለው ከግድግዳው ጋር ተላተሙ። በያጁ ከመከላከያቸው ውስጥ፣ "ይሄ የቢራ ጠማቂ ሳይሆን የፈንጂ ቀማሚ ቤት ነው!" አሉ። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

የመጨረሻውን ደፍታ ስትወጣ ደረጃው አጋማሽ ላይ ቁጭ አለች።

መፍቻ በክራንች ገባ። አልጋው ላይ ደግፈው ካስተኙት በኋላ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጠርሙሶቹ ነበር።

"ደፋኋቸው።"

"ሁሉንም? ማን ገባ?"

"እኔና ጋሼ በያጁ።"

"በግምት ነው እኮ የጨመርኩት" አለ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ። "ለአንቺ ደስ እንዲልሽ ብዬ ልገድልሽ ነበር። በርሜሎቹን አውጥቼ እጥላቸዋለሁ።"

"አትጥላቸውም" አለች። አፏ ከእሷ ቀድሞ ነው የተናገረው። "ግን ጓሮ ነው የምትጠምቀው። አረፋው ሳይተኛም ቆርኪ ብትመታ፣ ራስህን በመፍቻህ ነው የምልህ።"

ሊስቅ ሲል ስፌቱ ያዘው። "አታስቂኝ፣ ያመኛል።"

"ምን አለ?" አሉ እናቱ ከሳሎን።

ያን ጊዜ ከባልና ሚስቱ ኋላ ዷ! አለ። ሰፊዋ ሳታስበው ባሏ ላይ ተደፋች፤ ራሱን በሁለት ክንዷ ሸፈነችው። እሱም ወገቧን ጨምድዶ ያዘ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጣዩን ጠበቁ። ሌላ አልመጣም። መጋረጃው ይርገበገባል፤ ነፋሱ የጓዳውን በር ከፍቶ ከግድግዳው ጋር አላትሞት ኖሯል።

"በሩን ዝጉት እንጂ፣ አቧራ ገባ!" አሉ እናቱ።

ማንም ለመዝጋት አልተነሳም። ልቡ ከደረቷ ሥር ይመታል፤ የእሷም እንደዚያው። ሁለቱም ረገብ እስኪሉ ድረስ እንደተቃቀፉ ቆዩ።