ሦስቱ ፒክአፖች በሽማግሌ ፊት

ጊታሬን መጀመሪያ የሰደበችው የገዛ እህቴ ናት። ቦጋለች ትባላለች፤ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለዚህ ያሻትን ትናገረኛለች፣ እኔም አፌን ይዤ እሰማለሁ።

«ዳኘው» አለችኝ እሑድ ዕለት፣ «የታማር ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀረው። ያ ጊታርህ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ ምን እንደሚል አይሰማም። ከነታንያ ከተማ ኦርጋን የሚጫወት ልጅ አግኝቻለሁ። እስከ ሐሙስ መልስ ስጪኝ ብሎኛል።»

ክው አልኩ። ታማር የመጨረሻ ልጇ ናት። ሕፃን ሆና አልተኛም ስትል ክራር እየመታሁ ያስተኛኋት እኔ ነኝ። ታዲያ በሠርጓ ቀን አንድ የነታንያ ጎረምሳ ቁልፍ ተጭኖ ከሳጥን ውስጥ ከበሮ ሊያወጣላት ነው? እኔ አጎቷ ጥግ ተቀምጬ ላጨበጭብ? ሞቼ ልገኝ!

«እስከ ሐሙስ ድምፁን ጥርት ካላደረግኩት ወንድሜ አትበይኝ» አልኳት።

«ትከሻዬን ካነቃነቀው ትጫወታለህ» አለች። «ካላነቃነቀው ኦርጋኑ ይመጣል።»

ቀን ቀን ጋን ሽሙኤል የሚባል ፋብሪካ እሠራለሁ። ከሥራ ስወጣ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ከከተማችን ከሀደራ እስከ አፉላ፣ ከሀገር ቤት የመጣው የኛ ሰው ልጁን ሲድር ይጠራኛል። የምታወቀው ደግሞ በጣቴ ብቻ ሳይሆን በእግሬም ነው። መድረክ ላይ ተገትሬ አልጫወትም። አሥራ አምስት ሜትር ሽቦ በገዛ እጄ በይጄ ሠርቻለሁ፤ ጊታሬን በሱ ከድምፅ ማጉያው፣ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝና በጨፋሪው መሀል እዞራለሁ። ከጎረምሶቹ ወደ ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ እስከ ወጥ ቤቱ በር። «ዳኘው መጣ!» ሲሉኝ ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ጊታሩን የገዛሁት ከሩሲያ ከመጣ ጎረቤቴ ነው። ቡናማ ነው፣ ከባድ ነው፣ ያምራል። ድምፁ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቦጋለች እንዳለችው ነው። ወፍራሙ ክር ያጉረመርማል፤ ቀጭኑም ተከትሎ ያጉረመርማል።

ሰኞ ከሥራ በቀጥታ ዮራም ጋ ሄድኩ። ዮራም ሀደራ ገበያ ጀርባ በጠባብ ሱቅ ጊታር የሚጠግን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። ጊታሩን ይዤ አልሄድኩም፤ ችግሩን አውቀው የለ!

«ፒክአፑ ሞቷል» አልኩት። ፒክአፕ ማለት ከክሮቹ ሥር የተቀመጠው፣ ማግኔት ላይ ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለበት ነገር ነው፤ የክሩን ድምፅ ለቅሞ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚልከው እሱ ነው። «ከታች፣ ክሮቹ ከሚታሰሩበት አጠገብ ያለውን ልቀይር ነው።»

ዮራም እንደ ሐኪም ይጠይቀኝ ጀመር። ክሩን መቼ ቀየርክ? አምፕሊፋየሩ ምን ዓይነት ነው? በምን ሽቦ ነው የምትጫወተው?

«ሽቦ ሽቦ ነው፣ ዮራም! ፒክአፕ ስጠኝ።»

ትከሻውን ሰብቆ ሁለት አወጣ። አንደኛው ትልቅ ነው፤ ማግኔቱ ኃይለኛ፣ ሽቦው ብዙ ዙር የተጠቀለለ። «ይሄ ይጮህልሃል፣ ግን ድምፁን ያወፍረዋል» አለኝ። ሁለተኛው ዙሩ ያነሰ፣ ድምፁ ቀጭንና የሚጠራ ነው። «ጊታርህ ጠቆር ያለ ድምፅ ካለው ይሄ ይሻልሃል። ሁለቱንም ሞክርና የማትፈልገውን ሐሙስ መልስልኝ።» እኔ ግን ዓይኔ ትልቁ ላይ ቀረ። ለምን ብትሉኝ ትልቅ ስለሆነ ነው።

ልወጣ ስል አንድ ሽቦ ወረወረልኝ። «በዚህ ሞክራቸው።» ዘረጋሁት። ሦስት ሜትር! ውሻ የሚታሰርበት እንኳ ከዚህ ይረዝማል። ቦርሳዬ ሥር ወተፍኩት።

ቤቴ ገብቼ በራሴ ሽቦ ሞከርኳቸው። ትልቁ እንደ በሬ አገሳ፤ ትንሹ እንደ ትንኝ ነዘነዘ። ሁለቱም ግን ከብርድ ልብሱ አልወጡም። ሚስቴን አስመረችን ጠራሁና «ማንኛው ይሻላል?» አልኳት።

«ሁለቱም ዝም ሲሉ ይሻላሉ» አለችኝ።

ማክሰኞ ቦጋለች ስልክ ደወለች። «እኔ ብቻዬን ብፈርድ ነገ ታኮርፈኛለህ። የወንድምና የእህት ነገር ነው፣ ሽማግሌ ይየው። አባ አዝመራውንና አባ ቀለሙን ጠርቻለሁ።» ለርስት የሚጠራ ሽማግሌ፣ ለባልና ሚስት ጠብ የሚጠራ ሽማግሌ፣ ለፒክአፕ! አባ አዝመራው በየሠርጉ ማሲንቆ የሚመቱ ናቸው፤ እሳቸውን ፈራሁ። አባ ቀለሙ ግን የቦጋለች ጎረቤት ናቸው፤ ከሕንፃው ሥር አግዳሚ ላይ አይጠፉም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩባቸው።

«አባ፣ በሞቴ፣ ነገ አፍንጫዬን ሳክ ‹ይሄ ነው!› ይበሉልኝ።»

ከት ብለው ሳቁ። «ጆሮዬ እንደሁ ደክሟል፣ ልጄ። ዓይኔ ግን ያያል፤ እላለሁ።»

ረቡዕ ከሥራ መልስ አምፕሊፋየሩን ተሸክሜ ነቬ ሐይም ሰፈር፣ የቦጋለች ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተሰይመዋል። ረጅሙን ሽቦዬን ስዘረጋ ቦጋለች ጮኸች።

«ኧረ ባክህ! ሳሎኔ ውስጥ ሽማግሌ ጠልፎ ሊጥል ነው? በር ላይ ተወው!»

እየተነጫነጭኩ የዮራምን አጭር ሽቦ ከቦርሳዬ ሥር ጎልጉዬ ሰካሁ።

አባ አዝመራው ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ «ከሳሽ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ቦጋለች።

«ተከሳሽስ?»

«ይሄ ሳጥን» አለች ወደ ጊታሬ እየጠቆመች።

«ሳጥን አይቆምም። ዳኘው፣ አንተ ቁምለት።»

ቆምኩለት። መጀመሪያ ትንሹን ፒክአፕ አሰማሁ። አቤት ሲጮህ! ጥርስ ያስነክሳል። ቦጋለች ጆሮዋን ያዘች። «ይሄ ይሳደባል» አሉ አባ አዝመራው። ክሩን አላልቼ፣ ጋዜጣ አንጥፌ፣ በመበየጃዬ ትንሹን ነቅዬ ትልቁን በየድኩ። ስመታው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ ደበደበ። «ይሄ ደግሞ ሌላ ሰው አያናግርም» አሉ አባ አዝመራው። «የኔ ማሲንቆ ከጎኑ ብትቀመጥ አለቀላት።» ጊዜው አሁን ነው ብዬ አፍንጫዬን አከክሁ። አባ ቀለሙ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ። ደግሜ አከክሁ። ይወለውላሉ!

«ሦስተኛውስ?» አሉ አባ አዝመራው።

«የቱ ሦስተኛ?»

«አሮጌው ነዋ። የተባረረው።»

«አባ፣ እሱ እኮ ነው የተከሰሰው!»

«ታዲያ የተከሰሰውን ሳንሰማ ልንፈርድ ነው? መልሰው።»

ቆሽቴ አረረ። በሽማግሌ ፊት ግን ምን ይባላል? አሮጌውን መልሼ መበየድ ጀመርኩ። የመበየጃው ጭስ አፍንጫዬ ገባና አሳከከኝ፤ አከክሁ።

«ይሄ ነው!» አሉ አባ ቀለሙ ከሶፋው ብድግ ብለው። «ይሄ ነው! እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም!»

ጊታሩ ክሩ ላልቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ቦጋለች አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ጊታሩን፣ አንዴ አፍንጫዬ ላይ የቀረውን ጣቴን አየች።

«ዳኘው!»

«አፍንጫውን አከከ እኮ» አሉ አባ ቀለሙ ግራ ተጋብተው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቀና ብዬ ማየት ስላቃተኝ ብየዳውን ጨርሼ ክሩን ቃኘሁና ጊታሩን በአሮጌው ፒክአፕ መታሁት። ወይ ጉድ! ያ ብርድ ልብስ ተገፎ ወደቀ። ቀጭኑ ክር ቀጭን ሆኖ፣ ወፍራሙ ወፍራም ሆኖ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ተናገረ። የቦጋለች ግራ ትከሻ አንዴ ብድግ አለ፤ ቶሎ ብላ በእጇ ያዘችው።

«ምን ቀየርክ?» አሉ አባ አዝመራው።

«ምንም። ያው አሮጌው ነው።»

ዱላቸውን ዘርግተው አጭሩን ሽቦ ነካ አደረጉ። «ሠርግ ላይ በዚህ ነው የምትጫወተው?»

ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ። ቦጋለች ረጅሙን ከበሩ ላይ ጎትታ አመጣች። «ሰካው» አለች። ሰካሁት፣ መታሁ፤ ብርድ ልብሱ ተመለሰ። አጭሩን ሰካሁ፤ ተገፈፈ። ረጅሙን፤ ተመለሰ። ለካ ዮራም የጠየቀኝ ይሄንን ኖሯል! በይጄ የኮራሁበት ሽቦ፣ በርዝመቱና በጥራቱ ማነስ፣ ጥርት ያለውን ድምፅ መንገድ ላይ ሲበላው ኖሯል።

«አሥራ አምስት ሜትር ተጉዞ ደክሞት ነዋ!» አሉ አባ አዝመራው። ከዚያ ተነሥተው ፈረዱ። «ሳጥኑ ነፃ ነው። ጥፋቱ የዟሪው ነው። ዳኘው በሠርጉ ይጫወታል፤ ግን በአጭሩ ሽቦ፣ ከኔ ጎን፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ረጅሙ ለከሳሽ ካሳ ይሁን፤ ልብስ ታስጣበት። ለአፍንጫው ደግሞ ጉልበት ይሳም።»

የሦስቱንም ጉልበት ሳምኩ። በማግስቱ ፒክአፖቹን ለዮራም መለስኩ፤ ለምን እንደመለስኳቸው ግን አልነገርኩትም። የኔ ሽቦ እስከ ዛሬ የቦጋለች በረንዳ ላይ አንሶላ ይሰጣበታል።

በሠርጉ ቀን እንደታዘዝኩት ተቀመጥኩ። ጎረምሶቹ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ይዘላሉ፤ «ዳኘው መጣ!» የሚል የለም። አኮረፍኩ። እያኮረፍኩም ተጫወትኩ፤ ማሲንቆውና ጊታሬ ሳይሸፋፈኑ ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየን ቦጋለች ከእንግዶቿ መሀል ተነሥታ አዳራሹን ሙሉ አቋርጣ መጣች። ቦርሳዋን እግሬ ሥር አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ፊቴ ቆመች፤ ከዚያ ትከሻዋን ለቀቀችው።

ስንት ሠርግ ተጫውቻለሁ፤ እህቴ ስትጨፍር አይቼ አላውቅም ነበር። አትጨፍርም ብዬ ነበር የማስበው። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም።

ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «በየሠርጉ እኮ እከተልህ ነበር» አለችኝ። «ስደርስ ሌላ ጠረጴዛ ሄደሃል።»

ክሩን ማየት አቃተኝ፤ ጣቴም ቆመ። አባ አዝመራው በማሲንቆው ደጋን ጎኔን ወጋ አደረጉኝና፣ «ምታ እንጂ!» አሉኝ። «ከሳሽ እየጨፈረች ነው።»