የሣጥኑ ሙቀት

«አምፖሉን ወደ ጥግ አድርገው፤ እንጨቱን እንዳያቃጥለው!»

አስተማሪው ይህን የሚለው ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል ነው። እህቱ አባታቸውን ይዛ ከመነኸሪያ መነሣቷን ደውላ ከነገረችው ቆይቷል። ሳሎኑ መሐል የአባትዬው ሲንተሳይዘር፣ የድሮው የኤሌክትሪክ ኦርጋናቸው፣ ሆዱ ተከፍቶ ተጋድሟል፤ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝም እስከ ክርኑ ገብቶበታል። ዶክተር የተባለው ተምሮ አይደለም፤ ያገኘውን ሁሉ ስለሚከፍት ነው። መዝጋቱ ግን ሁልጊዜ አይሳካለትም።

«ተረጋጋ ባክህ፤ ትንሽዬ አምፖል ናት። ጀርባውን ለብ ታደርጋለች እንጂ ቤት አታቃጥልም።»

«ድምፁስ? አባዬ ካወቀስ?»

«ይህች ውስጡ የከተትኳት ሰሌዳ ትንሽዬ ኮምፒዩተር ናት። የድሮው ማሽን ድምፁን ከራሱ ከኤሌክትሪኩ ነበር የሚያወጣው፤ ይቺ ደግሞ ‹እሱ ቢሆን ምን ይል ነበር?› እያለች አስልታ ታወጣዋለች። ቨርቹዋል አናሎግ ይሏታል። ስህተቱን ሳይቀር ተምራለች፤ አልፎ አልፎ ድምፁን ሸርተት እንድታደርገው አዝዣታለሁ።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው እንዳይሳሳት አስተምራለሁ፤ አንተ ማሽን ስህተት ታስተምራለህ» አለ አስተማሪው። መኪና መንዳት ነው የሚያስተምረው።

አባትዬው በዚህ ማሽን ሆቴል ቤት እየተጫወቱ ነው ሁለቱን ልጆች ያሳደጉት። ማሽኑ አመል ነበረበት፤ ሳይሞቅ ከተነካ ድምፁ ይዋልላል። ስለዚህ ያበሩትና ጢማቸውን ይላጫሉ፣ ጫማቸውን ይጠርጋሉ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ጀርባው ላይ ጣል አድርገው፣ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ያዳምጣሉ። ሞቆ ሲያገኙት «ነቅቷል» ይላሉ። «ነቅቷል» ሳይባል የነካ ልጅ ጆሮውን ይጠብቅ!

ዓይናቸው ሲደክም ለሕክምና እህትየው ዘንድ ሄዱ። በዚያው ሰሞን አስተማሪው የበር ቁመት የሚያክል ቴሌቪዥን ገዛ። ሊያቆምበት የፈለገው ግድግዳ ጥግ ሲንተሳይዘሩ አለ። «ለጊዜው» ብሎ ጓሮ ዕቃ ቤት አስገባው። ይህች «ለጊዜው» የምትባል ነገር ስንቱን ጉድ ሠርታለች! የዕቃ ቤቱ ጣራ እንደሚያፈስ ያውቅ ነበር፤ ደግሞም የራሱ ልጆች ካርቱን እያዩ፣ እሱ ኳስ እያየ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰምቷል። ነገ አያለሁ እያለ ወራት አለፉ። ሲያየው ከማሽኑ ውኃ ተንቆረቆረ፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝጎ ነበር። ዶክተር አገላብጦ አየውና፣ «ነፍስ ይማር» አለ። የተረፉት ሣጥኑ፣ ቁልፎቹና ማዞሪያዎቹ ብቻ ነበሩ።

«መጡ!» አለ አስተማሪው።

ዶክተር የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ፤ ጀርባውን ሲያሞቅ ከቆየው ከአምፖሉ ገመድ ጎን የማሽኑን ገመድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ ሰክቶ በጓሮ በር ሹልክ አለ። ቴሌቪዥኑማ ቀድሞውኑ መኝታ ቤት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

አባትዬው የሴት ልጃቸውን ክንድ ይዘው ገቡ። ሕክምናው ብዙም አልረዳቸውም፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያሉ።

«አባዬ፣ መጀመሪያ አረፍ በል» አለች እህትየው።

«አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ አይደል የዋልኩት? በርቷል?»

«በርቷል አባዬ» አለ አስተማሪው። «ቀደም ብዬ ነው ያበራሁት።»

«ጎበዝ።»

በዳበሳ ሄደው ወንበሩን አገኙ። መዳፋቸውን ማሽኑ ጀርባ ላይ አሳረፉ። አስተማሪው ቀኝ እግሩ ሳያውቀው ምንጣፉን ረገጠ፤ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ ድንገት ፍሬን እንደሚይዝበት ጊዜ።

«ነቅቷል» አሉ አባትዬው፤ ፊታቸው በራ።

የድሮ ዜማቸውን ጀመሩ። ሰሌዳዋ አላሳፈረችም፤ ድምፁ ወፈር፣ ጎርነን ያለ፣ መሐል ላይ ትንሽ ሸርተት የሚል ነበር። አባትዬው ፈገግ ብለው ማዞሪያውን ነካ አደረጉና አቃኑት። «አመልህን አልተውክም አንተ ሽማግሌ!» አሉት። እህትየው በነጠላ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አስተማሪው፣ እንግዲህ ተገላገልኩ ብሎ ሊተነፍስ ነበር።

«ና እስቲ ወዲህ» አሉት አባትዬው፣ መጫወታቸውን አቁመው። «የምነግርህ አለ።»

«አቤት አባዬ።»

«ሆስፒታል ተኝቼ፣ ሌሊት ዝናብ በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ‹ይሄኔ ዕቃ ቤት ወርውሮታል› እያልኩ ነው። እህትህን ጠይቃት።»

«እውነቱን ነው፤ ነዘነዘኝ እኮ!» አለች እህትየው። «እኔ ደግሞ፣ ወንድሜ እንዲህ አያደርግም ብዬ ተሟገትኩልህ። አላልኩህም አባዬ?»

«ብላኛለች። እኔ ነኝ ክፉ የጠረጠርኩት። የገዛ ልጄን አማሁት።» አባትዬው እጃቸውን በአየር ላይ እየዳበሱ የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙ። «ይቅር በለኝ ልጄ።»

አስተማሪው ማከፋፈያው ላይ ጎን ለጎን ወደተሰኩት ሁለት ገመዶች አየ።

«ምነው ዝም አልክ? ተቀየምከኝ እንዴ?»

«ኧረ አባዬ፣ እኔ ምን ብዬ...»

«በል ይቅር ብያለሁ በለኛ!»

እህትየው እየሳቀች ጀርባውን መታችው፤ «በለው እንጂ፣ አታስለምነው!»

ቃሉ አፉ ላይ መጣ። ቀላል ነበር፤ ሁለት ቃል ብሎ ራት መብላት ነው። አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደሱ ዘንበል አድርገዋል፤ ማሽኑ ሲሞቅ እንደሚያዳምጡት ሁሉ። ይህን ይቅርታ ከተቀበለ ግን ማሽኑን ለሁለተኛ ጊዜ ዝናብ ላይ የሚጥለው መሰለው።

እጁን ቀስ ብሎ አላቀቀና የአባቱን መዳፍ መልሶ ሣጥኑ ጀርባ ላይ አስቀመጠው።

«አባዬ፣ በዚህኛው እጅህ አንዱን ቁልፍ ተጫንና ያዘው። ይሄኛውን ደግሞ እኔ እስክልህ ድረስ አታንሣ።»

«ምን ልትሆን ነው?»

«ድምፁ ሳይቆም ሣጥኑ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ ሁሉንም እነግርሃለሁ።»

ተንበረከከና ከሁለቱ ገመዶች የአምፖሉን ነቀለው።