እብጠት መርፌ አይወድም

«እብጠት መርፌ ከነካው ይገድላል» ይላሉ እትዬ ፀዳለ፣ የእህቴ የሩሃማ አማት። ለቅሶ ቤት ይሉታል፣ ወደ ዲመካ ገበያ ሲወርዱ ሚኒባስ ውስጥ ይሉታል። በመርፌ የሞተው ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ግን «አንቺ ምላሳም፣ ከዘጠነኛ ክፍል ወጥተሽ ሐኪም ሆንሽብን?» ነው መልሳቸው።

ሩሃማ የመጨረሻውን የመንጋጋ ጥርሷን ባስነቀለች በሦስተኛው ቀን አገጯ ሥር አበጠ። ያልፋል ብለን ናቅነው። ከዚያ አፏ አልከፈት አለ፤ ምራቋን መዋጥ አቅቷት በፎጣ ትቀበለው ጀመር። ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ባሏ ተስፋጽዮንና እናቱ በሌላ ባጃጅ ደረሱብን።

ሐኪሙ አላለባበሰም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ እንዲህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ ከሆነ ግን መግሉ ምላስ ሥር ገብቶ ትንፋሽ ይዘጋል። ተኝታ መርፌ በደም ሥሯ ትውሰድ፣ እብጠቱም ተበጥቶ ይፍሰስ አለ። እትዬ ፀዳለ ልጃቸውን ወደ ኮሪደር ጎትተው አንሾካሾኩለት።

ተስፋጽዮን ዲግሪ አለው፤ ስብሰባ ላይ ማይክ የሚነጥቀው የለም። ከኮሪደሩ ሲመለስ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ቤት ወስደን እንያት» አለ።

«ምኗን ነው የምታየው? ስትታነቅ?» አልኩት።

«ሚስቴ ናት።»

ሩሃማ መናገር ስለማትችል ጣቷን ወደ ሐኪሙ ቀሰረች። ሐኪሙ ለመነ፣ እኔ ተሳደብኩ። ባሏ ክንዷን ይዞ ብድግ ሲል ግን እንደለመደችው አብራው ብድግ አለች።

ቤት ቅጠል ተቀጥቅጦ ተለጠፈላት። መተኛት አልቻለችም፤ ደግፌያት ቁጭ ብላ ትንፋሿ ሲር ሲር ይል ነበር። ከሰዓት በኋላ ከንፈሯ ሲጠቁር ተስፋጽዮን መኪና ሊለምን ሮጠ። ይዞ ሲመጣ መኪናው አላስፈለገም።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ እትዬ ፀዳለ ወሬያቸውን አሻሽለውት ጠበቁኝ፤ ሐኪሙ አገጯን ባይነካካው ትድን ነበር አሉ። አልፌያቸው ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ የተቀመጠው ሙሴ የተስፋጽዮን የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው። እንዴት እንደሞተች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ግራ ገብቶት ወደ ተስፋጽዮን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሱ እኮ አምና አርባ ምንጭ ለሥልጠና ሄደን ልክ እንዲህ አብጦበት ነበር። አፉን ከውስጥ በጥተውለት፣ መርፌውን ጨርሶ ነው ድኖ የመጣው። እናቴ እንዳትሰማ ብሎ አስምሎኛል።»