ስም የሌለው መጠይቅ

በ1979 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ እኔና መርዳሳ ለመመረቂያ ጽሑፋችን ናዝሬት ወረድን። ሁለታችንም የሥነ ልቦና ተማሪዎች ነበርን። ልናጠና ያሰብነው ልጆቻቸው ለብሔራዊ ውትድርና የደረሱባቸው እናቶች ጭንቀታቸውን እንዴት እንደሚችሉትና ጭንቀቱ በደም ግፊታቸው ላይ የሚያደርሰውን ነበር።

ዘጠኝ ቀን የቀበሌውን ሊቀ መንበር ጠበቅን። ስብሰባ ላይ ነው ይሉናል፤ አንዱ ስብሰባ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል። በአሥረኛው ቀን የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ደገፋ ተቀበለን። ደገፋ ደግ ሰው ነው። ድካማችንን አይቶ አርባ እናቶች በአንድ ቀን አዳራሽ እንዲመጡ አዘዘልን፤ የቀረች ከቀበሌ ሱቅ ስኳር እንደማታገኝም አስነገረ። እኔም ሥራው ተቃለለልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ደገፋ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ እናቶቹን በየተራ ይጠራልኝ ነበር፤ እንደ ልማዱ በስም ሳይሆን በቤት ቁጥር። አማካሪያችን ስም እንዳንጽፍ፣ በስም ፈንታ ቁጥር እንድንሰጥ አጥብቆ ነግሮናል። ከአንድ እስከ አርባ አዘጋጅቼ ነበር፤ ደገፋ የሚጠራው ቁጥር ግን ተራዬን አምታታብኝ። ቁጥር ያው ቁጥር ነው ብዬ እሱኑ ጻፍኩት።

እንቅልፍ ይነሳዎታል? አይ። የሚያሳስብዎት ነገር አለ? ምንም፣ ተመስገን። አርባዎቹም ምንም አሉ። መርዳሳ በጎን ባለችው ክፍል ግፊታቸውን ይለካል። ስንጨርስ የሁለታችንን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ ሳቀ።

«በአንቺ ወረቀት እነዚህ ሴቶች ገነት ነው የሚኖሩት» አለኝ። «በእኔ ወረቀት ደግሞ ሆስፒታል መተኛት ነበረባቸው።»

ደገፋን አስፈቅደን በአዲስ መጠይቅ፣ በዚያው ቁጥር ቤት ለቤት ዞርን። ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ሌላ ጆሮ በሌለበት መናገር ጀመሩ። ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡት ወይዘሮ ዘሃራ የጭነት መኪና ድምፅ ሲሰሙ እጃቸው ደንዝዞ መቀሱ እንደሚወድቅባቸው ነገሩኝ። ጭንቀት ሲመጣብዎ ምን ያደርጋሉ የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ተነስተው በሩን ገርበብ አደረጉት። ከዚያ ልጃቸው ከአፈሳ ሸሽቶ ደራ ከተማ እህታቸው ቤት እንደተደበቀ፣ በገበያ ቀን ጨርቅ ልሸጥ ነው እያሉ ሄደው እንደሚያዩት አወሩኝ።

«ይሄንንም ትጽፊዋለሽ እንዴ ልጄ?»

«ስም የለውም እትዬ ዘሃራ። ቁጥር ብቻ ነው» አልኳቸው። ጻፍኩት።

በመጨረሻው ቀን የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ልንቀበል ቀበሌ ሄድን። ያለ ደብዳቤው ትምህርት ክፍሉ ሥራችንን አይቀበልም። መርዳሳ የግፊቱን ዝርዝር በኩራት ለደገፋ አሳየው። ደገፋ መነጽሩን አድርጎ አነበበ።

«የቤት ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት፤ ውይ፣ ዘሃራ። ሁለት መቶ ሃያ፣ ፀዳለ፤ እሷ እንኳ ድሮም ደም ብዛት አለባት። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ጉዲቱ።»

መዝገብ አላየም። ሁሉንም በቃሉ ያውቃቸዋል። ከልቡም አዘነላቸው። ከዚያ ሊቀ መንበሩ ሳያያቸው ማኅተም ስለማያርፍ መጠይቆቹን ከቀትር በኋላ እንድናመጣ፣ አርባ መሆናቸውንም ቆጥሮ እንደሚረከብ ነገረን። ስም ከሌላቸው ምን ችግር አለው አለ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ማረፊያችን ስንደርስ መርዳሳ ቁጥሮቹን ቆርጠን እናውጣቸው አለ። ልጄ ደራ እህቴ ቤት ነው የሚል ወረቀት ቁጥር አያስፈልገውም አልኩት። እንግዲያው የዘሃራን ብቻ አስቀሪ አለኝ። የጎደለችው ማን እንደሆነች ደገፋ ወዲያው ይለያታል አልኩት። ሌሎቹም ቢሆኑ ለእኔ የነገሩኝን ለደገፋ አልነገሩም። መርዳሳ ተቆጣ፤ በዚህ ዓመት መመረቅ እንደሚፈልግ፣ ጥፋቱም የእኔ ብቻ እንደሆነ ተናገረ።

እሱ ትኬት ሊቆርጥ ወደ አውቶቡስ ተራ ሲሄድ ቤት ለቤት የሞላኋቸውን አርባ መጠይቆች በአከራያችን የከሰል ምድጃ አንድ በአንድ አቃጠልኳቸው። ለደገፋ የወሰድኩለት አዳራሽ ውስጥ የተሞሉትን ነው። ቀን ስላልተጻፈባቸው ልዩነቱን አላወቀም። ምንም፣ ምንም የሚለውን እያገላበጠ ሕዝባችን ጠንካራ ነው አለ። ማኅተሙ የዚያኑ ዕለት አረፈ።

መርዳሳ ያደረግሁትን ስነግረው አውቶቡሱ ውስጥ ከእኔ ርቆ ተቀመጠ። ያለንን ይዘን ጻፍን። ጭንቀትና የደም ግፊት እንደማይገናኙ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በታይፕ አስመታን።

አማካሪያችን አንብቦ ጠራን። የቢሮው በር ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው ይመላለሳል። ምንም የማያሳስባቸው አርባ ሴቶች ግፊታቸው እንዲህ ሊወጣ አይችልም አለ። ወይ መለኪያው ተበላሽቷል፣ ወይ መርዳሳ መለካት አያውቅም። ለዚህ ሥራ ሲል አንድ ወር ሙሉ ጤና ጣቢያ እየተመላለሰ የተማረው መርዳሳ አንገቱን ደፋ፤ ቀጥሎ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ አማካሪያችን።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።