ግራኟ ፈታይ

ወልደአረጋይ በደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። በኅዳር 1957 ዓ.ም. ሚስቱ ደመቀች ተስቦ ያዛትና በስድስተኛው ቀን ሞተችበት። ቀብሯ ላይ አላለቀሰም። ይህን ቀባሪው ሁሉ አየ፤ የደመቀች እናት ወይዘሮ ታንጉትም አዩ። ከቀብሩ በአምስተኛው ቀን ክፍል ገብቶ ጠመኔውን አነሣና ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ያቀረቡለትን ይበላል፤ የተማሪ ደብተር ያርማል፤ ሰላም ላለው ሰላም ይላል። እንዴት ነህ ሲሉት "ደኅና ነኝ" ይላል። መዋሸቱም አልነበረም። የሚያመው ነገር አልነበረውም።

በማግሥቱ ዓመት፣ ሚያዝያ ሲጋመስ፣ ዲሬክተሩ ቢሮ አስጠሩት።

"ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ምሁራን ይመጣሉ" አሉት። "ስለ ሸዋ ደጋ የእጅ ሥራ ሦስት ቀን ሊነጋገሩ ነው፤ በእኛው አዳራሽ። ካህናትና የአገር ሽማግሌዎችም ተጠርተዋል። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።"

"እሺ።"

"ዶክተር ብርጊትም አለችበት። አንኮበር ያነሣችውን ፊልም ታሳያለች። ያን ጊዜ አብረሃት አልነበርክም እንዴ?"

"ነበርኩ።"

ዶክተር ብርጊት ስዊድናዊት ናት። በጥቅምት 1955 አንኮበር ሁለት ሳምንት ተቀምጣ፣ ሴቶቹ የበግ ጠጕር ሲያጥቡ፣ ሲነድፉና ሲፈትሉ፣ ሸማኔዎቹም ባና የተባለውን የጠጕር ብርድ ልብስ ሲሠሩ በፊልም አንሥታ ነበር። ወልደአረጋይ ያስተረጉምላት ነበር። ከፈታዮቹ አንዷ ደመቀች ናት። የዚያን ጊዜ አያውቃትም። ከካሜራው አጠገብ ቆሞ "ወደዚህ አትመልከቺ፣ እንዝርትሽን ተመልከቺ" ቢላት ቢላት እሷ እሱን እያየች ትስቃለች። ብርጊት አገሯ ከገባች በኋላ፣ በታኅሣሥ ሽማግሌ ላከ፤ በጥር ተጋቡ። ስለዚህ ብርጊት መጋባታቸውንም መሞቷንም አታውቅም።

ዲሬክተሩ ደብዳቤዋን አቀበሉት። በጉባኤው ላይ እየፈተሉ የሚያሳዩ ሦስት ሴቶች እንዲመጡላት ትጠይቃለች። ከታች ደግሞ በእጇ ጽፋበታለች፦ "በተለይ ያችን ሳቂታዋን ልጅ።"

ወልደአረጋይ የዚያኑ ዕለት መልስ ጻፈላት። "ሦስት ፈታዮች አመጣለሁ። ያልሻት ግን መምጣት አትችልም።" ለምን እንደማትችል አልጻፈም። ቢጽፍ የኀዘን ደብዳቤ ይመጣል፤ ያም በተራው መልስ ይፈልጋል።

ቅዳሜ አንኮበር ሄደ። ከሙት ዓመቱ ወዲህ ወደ አማቱ ቤት አልገባም ነበር። ወይዘሮ ታንጉት ደጃፍ ላይ ቆመው ጉዳዩን ሰሙት።

"ፈረንጆች መፍተል ምን ያደርግላቸዋል?"

"ሊያጠኑት ነው እማማ።"

"ያችው ሴትዮ ናት? ልጄን ያነሣቻት?"

"እሷው ናት።"

ደመቀች በሚታየው ፊልም ላይ እንዳለች ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ሴትዮዋ ግን ነጠላቸውን እያስተካከሉ "መቼ ነው የምንሄደው?" አሉት። "ማክሰኞ ጠዋት" አላቸውና የቀረውን ተወው። ማክሰኞ ወይዘሮ ታንጉትና ሁለት ፈታይ ጎረቤቶቻቸው የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተቀመጡ፤ እሱ ከኋላ የገብስ ጆንያ ላይ ወጣ። ጭጋጉ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ አልተገለጠም። ማታ ሴት ተማሪዎች ከሚያድሩበት ቤት አልጋ አስይዞላቸው ሲለያዩም ሊነግራቸው ይችል ነበር። "ደኅና እደሩ" ብሏቸው ሄደ።

ፊልሙ የሚታየው ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነበር። የአዳራሹን መስኮቶች በተማሪዎች ብርድ ልብስ ሸፈኑ። ፕሮጀክተሩን ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣው ገብረአብ የሚባል ባለሙያ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ ክርኑ የጠቀለለ ሰው። ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ከደጅ የቆመው ሞተር ይንዶቀዶቃል። ፊት ካህናቱና ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላቸው ምሁራኑ፣ በግድግዳው ጥግ ሦስቱ ፈታዮች ተቀመጡ። ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው ብርጊት ከወረቀት ታነባለች፤ ወልደአረጋይ ፊልሙ ከሚታይበት ነጭ መጋረጃ ጎን ቆሞ ወደ አማርኛ ይመልሳል።

በጎች ታዩ። ሴቶች ወንዝ ውስጥ ቆመው ጠጕር አጠቡ። አንድ ሽማግሌ ደጋን ይዘው ነደፉ። ወልደአረጋይ ሁሉንም ተረጎመ። ቀጥሎ ደመቀች መጣች።

ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷ እጅጌው የተቀደደው ነው። እንዝርቱን ታፋዋ ላይ አሹራ ለቀቀችው፤ ክሩ ረዘመ። ቀና ብላ ሳቀች።

"ይህች ሴት የተነደፈውን ጠጕር ትፈትላለች" አለ ወልደአረጋይ። ድምፁ አልተለወጠም። እሱ ራሱ ድምፁን ከሩቅ እንደሚሰማ ሰው አዳመጠው። የሆነ ነገር ይመጣል ብሎ ጠበቀ። የመጣ ነገር የለም። ምስሉ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ከድንጋዩ በስተቀኝ አንድ ዶሮ ማለፏን አስተዋለ።

ብርጊት ቀጠለች፤ እሱም ተከተላት። "የአንኮበር ሴቶች እንዝርት የሚያሾሩት በግራ እጃቸው ነው። ይህም ከቀረው የሸዋ ደጋ ይለያቸዋል።"

ከኋላ አንድ ሽበታም ምሁር ተነሡ። "ይቅርታ፣ እኔ መንዝ ውስጥ ያየኋቸው በሙሉ በቀኝ ነው የሚፈትሉት። እዚህ የምናየው አንዲት ሴት ብቻ ነው። እስቲ ሥዕሉን አቁሙልን።"

"ካቆምኩት አምፖሉ ፊልሙን ያቃጥለዋል" አለ ገብረአብ። "ወደ ኋላ መልሼ ግን ደግሜ ላሳያችሁ እችላለሁ።"

መለሰው። ክሩ ተመልሶ ጠጕር ሆነ፤ ሳቋም ተመልሶ ተከደነ። ከዚያ እንደገና ወደ ፊት ሄደ። ግራ እጇ ነው፤ ጥርጥር የለውም።

"የሌሎቹን ፈታዮች ፊልም በመንገድ ላይ ብርሃን ገብቶ አበላሸብኝ" አለች ብርጊት። "ቢሆንም አገሩን የሚያውቀው አስተርጓሚያችን ይንገረን። የአካባቢው ልማድ ነው፣ አይደለም?"

ሁሉም ወደ ወልደአረጋይ ዞረ። ደመቀች በግራዋ ትበላ እንደነበር፣ እንጀራ በግራዋ ስለምትቆርስም የሰፈሩ ቄስ አንድ ጊዜ እንደተቆጧት ያውቃል። "አዎ" ቢል ነገሩ ያልቃል፤ ፊልሙም ወደ ሸማኔዎቹ ያልፋል። "አዎ" ለማለት እየተዘጋጀ ነበር።

"ምንድን ነው የሚሉት?" የሚል ድምፅ ከግድግዳው ጥግ መጣ። ወይዘሮ ታንጉት ቆመዋል።

"የአንኮበር ሴቶች የሚፈትሉት በግራ ነው ወይ ነው የሚሉት፣ እማማ።"

"ማን በግራው ይፈትላል? እኔ በቀኜ ነው የምፈትለው፤ እነዚህም እንደዚሁ። ልጄ ናት ግራኝ የነበረችው። ንገራቸው።"

አስተርጓሚ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ነው የሚያሳልፈው። "እኔ" ካሉ "እኔ" ነው፣ "ልጄ" ካሉ "ልጄ" ነው። ወልደአረጋይ በእንግሊዝኛ "ግራኝ የነበረችው ልጄ ናት" አለ።

ብርጊት ግራ ገባት። "ነበረች? ልጃቸው የትኛዋ ናት?"

"ልጅዎ የትኛዋ ናት ትላለች፣ እማማ።"

ወይዘሮ ታንጉት ወደ መጋረጃው ጠቆሙ። "ያቻትና። ዓመት ከመንፈቋ ነው ከሞተች።"

ይህንንም እንዳለ ተረጎመው። ከፊት ከተቀመጡት አንድ አባት "ነፍስ ይማር" አሉ። ብርጊት ወረቀቷን አጠፈች።

"እጅግ አዝናለሁ በልልኝ። ባልስ ነበራት? ልጆችስ?"

ወልደአረጋይ ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለሰው። ወይዘሮ ታንጉት ትክ ብለው አዩት።

"ይህንንም ከእኔ ነው የምትጠብቀው? አንተው ንገራት እንጂ።"

"ባሏ እኔ ነኝ" አለ በእንግሊዝኛ። "ልጅ አልወለድንም።" ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ቃል መናገሩ ነበር። ከዚያ ለካህናቱም ለሽማግሌዎቹም መተርጎም እንዳለበት ትዝ አለውና በአማርኛ ደገመው።

ጥያቄውን ያነሡት ሽበታም ምሁር ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደቆሙ ቀሩ። መብራት ይብራ አይብራ ብሎ ገብረአብ ዙሪያውን ሲያይ ወይዘሮ ታንጉት እንደገና ተናገሩ።

"ያን የመጨረሻውን ደግሞ ያሳየኝ። ቀና ስትል ያለውን።"

ገብረአብ ትርጉም አላስፈለገውም። ፊልሙን መልሶ አሳየ። ወይዘሮ ታንጉት ወደ መጋረጃው ሁለት እርምጃ ተጠግተው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተመለከቱ። አላለቀሱም። ሲያበቃ "በቃኝ" አሉና ወጡ። ወልደአረጋይ ስለ ሸማኔዎቹ የቀረውን እስከ መጨረሻው ተረጎመ፤ አንድም ቃል አልተሳሳተም።

በዕረፍቱ ሰዓት ብርጊት ከበሩ ላይ ያዘችው። ዓይኗ ቀልቷል። "ለምን አልጻፍክልኝም? ያን ክፍል ቆርጬ አወጣዋለሁ። ከፈለግህ ዳግመኛ የትም አይታይም።"

"እናቷን ልጠይቅ" አላት።

ወይዘሮ ታንጉት ከአዳራሹ ጓሮ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ቁጭ አለና የብርጊትን ቃል ነገራቸው።

"ቆርጣ የት ልትጥላት?" አሉ። "ተይ በላት። ፊልሙ የሚሄድበት አገር ድረስ ይዟት ይሂድ። ግራኝ መሆኗን ብቻ በትክክል ይጻፉ።"

"እሺ።"

ከማሠልጠኛው ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ተማሪዎች ድምፅ ይሰማል።

"እንዳለችበት ታውቅ ነበር" አሉ ወይዘሮ ታንጉት።

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ አላወቅሁም።"

"ዛሬ ስታያት ምን ተሰማህ?"

ሊዋሽ አሰበ። ግን ምን ብሎ እንደሚዋሽም አልመጣለትም። "ምንም አልተሰማኝም እማማ። ዶሮዋን ነው ያየሁት። አንዲት ዶሮ ታልፋለች።"

ሴትዮዋ ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። "የእኔ ዶሮ ናት፤ ቀዩዋ። እኔም እሷን ነው ያየሁት። ልጄን አያለሁ ብዬ ተጠግቼ ዶሮዬን አይቼ ተመለስኩ።" ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። "ቀብሯ ላይ እንባዬ የፈሰሰው ሰው ስላለቀሰ ነው። ቤት ስገባ ደረቅሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ደረቅ ነኝ። አንተ እንዳላለቀስክ ሳይ ልጄን አልወደዳትም ብዬ ያዝኩብህ። ለጎረቤትም ተናግሬብሃለሁ፤ አልደብቅህም።"

"ይገባኛል።"

"አይገባህም። እኔ ራሴ እንዲህ መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ላይ ግን ፈረድኩብህ።"

የሚቀጥለው ስብሰባ ደወል ሲደወል ወልደአረጋይ ተነሣ፤ ሴትዮዋንም እጃቸውን ይዞ አስነሣቸው። እስኪመሽ ድረስ ስለ ሸክላ ሥራ የቀረበ ረጅም ጽሑፍ ተረጎመ። በማግሥቱ ሦስቱ ሴቶች ግቢው ውስጥ እየፈተሉ አሳዩ፤ ምሁራኑ ከብበው ማስታወሻ ያዙ፤ ሽበታሙም ሰው የወይዘሮ ታንጉትን ቀኝ እጅ ፎቶግራፍ አነሡ።

የጉባኤው መጽሐፍ በዓመቱ ታትሞ መጣ። በብርጊት ጽሑፍ ግርጌ "በፊልሙ የሚታዩት ፈታይ ወይዘሮ ደመቀች ግራኝ ነበሩ፤ የአካባቢው ሴቶች በቀኝ ይፈትላሉ" የሚል መስመር ነበር። ወልደአረጋይ ቆሞ አነበበውና መጽሐፉን ለማሠልጠኛው ቤተ መጻሕፍት አስረከበ። ፊልሙ በሌሎች አገሮችም መታየቱን ብርጊት ጻፈችለት። በዚህ ጊዜ መልስ ላከላት፤ አጭር ነበር።

እሱ ግን ከዚያ ጉባኤ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንኮበር መሄድ ጀመረ። ማንም አልለመነውም፤ እሱም ምክንያቱን ለራሱ አላስረዳም። ይደርሳል፣ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል። ወይዘሮ ታንጉት ይፈትላሉ፤ እሱ ደብተር ያርማል። ብዙ አይነጋገሩም። ስለ ደመቀች የሚያነሡት አልፎ አልፎ ነው፤ ሲያነሡም ስለ ጎረቤት እንደሚያወሩ ሆነው ነው።

ጉባኤው በተደረገበት ዓመት፣ በክረምቱ መግቢያ፣ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ እያለ ደረሰ። የሳር ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈስሳል። ወይዘሮ ታንጉት ከሚፈስሰው ሥር ገንቦ አስቀምጠዋል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላቸው።

"ከካቻምና። እሷ እያለች ነው የጀመረው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅከኝማ።"

ኮቱን አውልቆ ምሰሶው ላይ ሰቀለ። "ሳሩ የት ነው ያለው?"

"ከጓሮ። ዝናቡ ያባራልህ እንጂ፣ ልጄ፤ ያዳልጣል።"

"ያባራል" አለ። ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ።